ጽሑፉ ባዶ እጁን እንዳይሄድ

አንዲት ሴት ለእንግዳ የምታቀርበው ብታጣና ጎረቤቷን ብታቀርብ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ? የእንግዳው? ወይስ እንግዳውን በር ማንኳኳት ያስተማረው ሰው? ከግንቦት ጀምሮ ይህን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ማንኳኳት ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ መልሱ ለእኔ የሚመች አይመስለኝም።

ስሜ አስካለ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች የቅድመ አያቶቻችንን ስም ተሸክመን ነው የምንዞረው፤ ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት ዘነበችና ገብረየስ ይባላሉ። ሶሊያና፣ ቤተል፣ ናርዶስ የሚባሉት አሮጊቶቹ ናቸው። እኔን ያሳደገችኝም አክስቴ ቤተል ናት። ባሕር ማዶ ቡሳን ተምሬ አዳማ ስመለስ፣ የጓሮ ክፍሏን ጠርጋ ተቀበለችኝና ምን ተምሬ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

«የጽሑፍ ጠባይ» አልኳት።

«ጽሑፍ ደግሞ ምን ጠባይ አለው?»

የመመረቂያ ሥራዬን ስጀምር እኔም ፕሮፌሰሬን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። አልመለሰልኝም። ቡሳን ያለውን ክፍሌን እስካሁን አለማስረከቤም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትምህርቱ የእውነት ትምህርት መሆኑን ገና አላመንኩም።

ሥራ ግን ቶሎ አገኘሁ። አዳማ ውስጥ ከዳቦ ቤት የሕግ ቢሮ ይበዛል። እያንዳንዱ ቢሮም ደንበኛ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ያወጣል። ጠዋት ዳቦ ስትገዙ ከረጢቱ ላይ «ዳቦው ውስጥ ጠጠር ካገኙ አይትፉት፤ ማስረጃ ነው» ይላል። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ!» ስትሉ መኪናው ይቆምና በሩን ከመክፈቱ በፊት የመውረድ መብታችሁን ያነብላችኋል። ፀጉር ስታበጥሩ መስታወቱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ይህን ፀጉር የቆረጠዎት ሰው በሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ያውቃሉ?» ይላል።

ጽሑፎቹ ሁሉ መጨረሻቸው ላይ «ይህ የሕግ ምክር አይደለም» ስለሚሉ፣ ሰውም ለምዶታል። ስሄድ አልነበረም፤ ስመለስ ሁሉም ሰው አፍ ላይ አገኘሁት። የጨዋ ሰው ምልክት ሆኗል። በመጣሁ ሳምንት ገበያ ውስጥ አንድ ሕፃን እናቱን «ራበኝ፤ ይህ የሕግ ምክር አይደለም» ሲላት ሰማሁ። እናቱ ራሱን ዳሰሰችው። «እንዲህ ነው ያደገ ልጅ» አለችና ሙዝ ገዛችለት።

የቀጠረኝ «ደምመላሽ እና ባልንጀሮቹ» የሚባለው ቢሮ ነው። የአቶ ደምመላሽ ፎቶ በከተማዋ አውቶቡሶች ሁሉ ጎን ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሱ ከአውቶቡሱ በር ይሰፋል። በአካል ሲያዩት ግን ትንሽ ሰው ነው።

«ሰዉ ጽሑፋችንን አይጨርስም» አለኝ የመጀመሪያው ቀን። «ገና ‹ውርስ› ስንል ይዘጋናል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምንድን ነው ችግሩ?»

«አታንኳኩም።»

«ምን?»

«ዘው ብላችሁ ነው የምትገቡት። ሰው ቤት ገብታችሁ፣ ሰላም ሳትሉ፣ ስለ ሞተ አባቱ ርስት ታወራላችሁ። እኔም ብሆን እዘጋችኋለሁ።»

አቶ ደምመላሽ «ይህ የሕግ ምክር ባይሆንም ልክ ነሽ» አለ።

ስለዚህ ጽሑፎቹን ጠባይ አስተማርኳቸው። ደጅ ላይ ቆመው «ቤቶች!» እንዲሉ፣ «ማነው?» እስኪባሉ እንዲጠብቁ፣ ጤና እንዲጠይቁ፣ ተቀመጥ ሲባሉ መጀመሪያ «አይ፣ እሄዳለሁ» ብለው እንዲግደረደሩ፣ ሲለመኑ ብቻ እንዲቀመጡ። ከሁሉ በላይ ዝምታን አስተማርኳቸው፤ ጠይቀው አንገታቸውን ደፍተው እንዲጠብቁ። ዝምታ ቡሳን ላይ ከፍተኛ ውጤት ያገኘሁበት ትምህርት ነው። በዚያው ወር ጽሑፎቻችንን ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ጠፋ። አቶ ደምመላሽ በደስታ አዲስ ፎቶ ተነሳ።

ከዚያ አንዱ ጽሑፍ አክስቴ ቤት መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ፣ እሷ ምስር ትለቅማለች። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ኮሽ አለ።

«ቤቶች!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ጽሑፍ ነኝ።»

«ግባ፣ ግባ! ምን ደጅ ያስቆምሃል?» አክስቴ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። እኔን በክርኗ ጎሽም አደረገችኝ፤ «ተነሺ እንጂ፣ ሰው መጥቶ!»

«ጽሑፍ እኮ ነው አክስቴ።»

«ታዲያስ? ይሰማሻል።»

ጽሑፉ በለሰለሰ ድምፅ እንደምን እንደዋለች፣ ጉልበቷ እንደተሻላት ጠየቃት። አክስቴም በተራዋ የእሱን ቤተሰብ ጠየቀች።

«ቤተሰብ የለኝም። ጽሑፍ ነኝ።»

«ውይ እኔን!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አንድም ሰው?»

«ዋናው የእርስዎ ደህንነት ነው እማማ። ከጎረቤት ጋር ቅር ያሰኘዎት ነገር ይኖር ይሆን?»

«የለም ልጄ። ጎረቤቴ ሀያት ናት። ከእህት በላይ ናት።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ትንሽም ብትሆን?»

ከዚያ ዝም አለ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ እንዳስተማርኩት። አክስቴ ተቁነጠነጠች። ወደ እኔ ዘንበል ብላ በሹክሹክታ «ምን ልስጠው?» አለችኝ።

«ምንም አትስጪው!»

«ቤተሰብ የሌለው ልጅ ደክሞት መጥቶ፣ ከእኔ ቤት ባዶ እጁን ይሂድ?» ተገርማ አየችኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞራ፣ ጓዳ ገብታ የተረፈ ነገር እንደምትፈልግ ሰው ትንሽ አሰበች። «እንግዲህ… አንድ ቀን የሀያት ፓፓያ ጥላ ጥሎ ልብሴ ቶሎ አልደረቀልኝም። ይህችን ያዝ። ለአንተ ትሁን።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ጽሑፉ፤ ምስጋናውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሄደ። አክስቴ ሰው የሸኘች መስላ ቁጭ አለች። «ደስ የሚል ልጅ ነው» አለች።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ውስጥ የአክስቴ የውስጥ ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ የሚያሳይ ምስል ነበር። ርዕሱ «ፀሐይ የተነፈገች እናት» ይላል። መዝገብ ተከፍቷል፤ ከሳሽ ቤተል፣ ተከሳሽ ሀያት፣ ጠበቃ ደምመላሽ። የእኛን አሠራር ቀድቶ ጽሑፎቹን ማንኳኳት ያስጀመረው «ጽኑ ጋሻ» የተባለው ቢሮም ወዲያው እማማ ሀያት ቤት ጽሑፍ ላከ። እማማ ሀያትም ምንም ቅር ያሰኛቸው ነገር አልነበረም። ግን ጽሑፉ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። አሳዘናቸው። የአክስቴን አውራ ዶሮ ሰጡት፤ ንጋት ላይ ይጮኻል ብለው።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ያላሳቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። መዝገብ የተከፈተባቸው ሰዎች የሚነጋገሩት ነገር የሕግ ቢሮዎቹ ንብረት ነው። አክስቴ እንደ ልማዷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ሀያትዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አለች። ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ መስታወቱ «ከሳሽ የተከሳሽን አዳር መመርመር ጀመረች» የሚል ጽሑፍ አነበበላት። እማማ ሀያት «ደህና፤ ቤቲዬ አንቺስ?» ብለው ስለነበር «ተከሳሽ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰች» የሚል ሁለተኛ ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አፋቸውን ዘጉ። እነዚህ ሴቶች እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በዚያ አጥር ላይ ሲያወሩ የኖሩ ናቸው። አክስቴ ወንበሯን አጥሩ ሥር አድርጋ ዝም ብላ ትቀመጥ ጀመር። ከወዲያ በኩልም ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ምግብ ቀነሰች። አውራ ዶሮው ሲጮህ «አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ፣ ተከሰሃል» ትለዋለች።

በዚያው ሰሞን የእማማ ሀያት ልጅ ኢክራም ከድሬዳዋ የጭነት መኪና ይዛ መጣች። እናቷን ጠቅልላ ልትወስድ ነው። እናቷ ብቻቸውን መኖራቸው እንቅልፍ ነስቷታል፤ ቤቷ ውስጥ ክፍል ቀብታላቸዋለች፣ አልጋ አሠርታላቸዋለች፣ ማቀዝቀዣ አስገብታላቸዋለች። የተከሰሰ ሰው ግን መዝገቡ ሳይዘጋ ከተማ መልቀቅ አይችልም። ኢክራም መንገድ ላይ ያዘችኝ።

«የአክስትሽ ጠበቃ ቤት የምትሠሪው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«በይ አስታርቂያቸውና እናቴን ይዤ ልሂድ። መኪናው በቀን ነው የሚከፈለው። ደግሞ ይህ ዛቻ አይደለም፣ የሕግ ምክርም አይደለም።»

ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ነገር አስተካክላለሁ ብዬ አሰብኩ። የሰፈሩን ሽማግሌ አቶ ናሆምን ለመንኩ፤ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሁላችንም ተሰበሰብን። በሽምግልና ፊት የሚነገረውን ቢሮዎቹ መውሰድ አይችሉም። አክስቴና እማማ ሀያት ጠረጴዛው ዙሪያ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እንደ ታረቁ ነው የቆጠርኩት።

«ልጆቼ» አሉ አቶ ናሆም፤ ከሁለቱም ያንሳሉ። «አንድ ፓፓያ ነው። አንድ ዶሮ ነው። ይቅር ተባባሉና እንብላ።»

«አልልም» አለች አክስቴ።

አክስቴ ለማንም «አልልም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ለጽሑፍ እንኳ እምቢ ማለት ያቃታት ሴት ናት።

«እኔም አልልም!» አሉ እማማ ሀያት። «ያ ዶሮ ዶሮ እንዳይመስላችሁ። ሆን ብሎ ነው የሚጮኸው። ወደ እኔ መስኮት ዞሮ ነው።»

«ፓፓያሽስ? ወደ እኔ ነው የሚያድገው! ፀሐዩን ከላይ ከላይ ይጠጣዋል!»

«ልብስሽ ያልደረቀው ስለማትጨምቂው ነው!»

«እኔ አልጨምቅም? እኔ?»

«ኧረ ኡሚ!» አለች ኢክራም ደንግጣ። «ኧረ ስለ አላህ! እማማ ቤተል፣ እርስዎ እንኳ…»

«ዞር በይ አንቺ» አለች አክስቴ። «ይህ የትልልቅ ሰው ጠብ ነው።»

አቶ ናሆም እጃቸውን ዘርግተው ሊያረጋጉ ሲሉ አክስቴ «ጥላ የጣለ ሁሉ ጥላ ይጣልበት!» ብላ ጮኸችባቸው፤ ምን ማለት እንደሆነ ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። እማማ ሀያት ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ሳህን ላነሳ ጎንበስ አልኩ፤ ጠረጴዛው ሥር እግራቸው የአክስቴን እግር ሲጎሽም አየሁ። አክስቴ ወዲያው ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

ወጥ ቤት ጠራኋት።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

አክስቴ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ሀያት ድሬ መሄድ አትፈልግም።»

«ታዲያ ለልጇ አትነግራትም?»

«ክፍል ቀብታ፣ አልጋ አሠርታ፣ መኪና ይዛ ለመጣች ልጅ? በምን አፏ እምቢ ትበላት?»

«አሁን እኮ እምቢ እያለች ነው!»

«ይሄማ ክስ ነው» አለች አክስቴ፣ ይህን ያህል ተምሬ አለማወቄ እያሳዘናት። «ክስ ላይ ምን ይሉኝታ አለ?»

«መቼ ተመካከራችሁ? ተዘጋግታችሁ አልነበር?»

«ማን ተመካከረ? ሻንጣዋን ስታወጣ አየኋት። ፊቷን አየሁት። በቃ።» ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «አሁን ልቀቂኝ፣ ስድብ ጀምሬ ነው የመጣሁት።»

ሽምግልናው ፈረሰ። አቶ ናሆም ወደ ቤታቸው ሲሄዱ «በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጠብ አላየሁም» አሉኝ። ኢክራም መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለእሷም አዘንኩላት፤ እናቷን ስለምትወድ ነው የመጣችው። ግን እማማ ሀያት ሲወጡ በአጥሩ በኩል አክስቴን ቀና ብለው ሲያዩ አይቻለሁ፤ ካየሁ በኋላ መኪናው ባዶውን እንዲሄድ ከመመኘት በቀር ሌላ አልሆነልኝም።

ሰኞ ጠዋት አቶ ደምመላሽ ጠራኝ። አዲስ ፎቶ ሊነሳ ፊቱን ዱቄት እየቀቡት ነበር።

«ያቺ የፓፓያ መዝገብ አልተነበበችም» አለ። «ያልተነበበ መዝገብ ዓርብ ይዘጋል፤ ታውቂያለሽ።»

«አይዝጉት!»

«ለምን? አክስትሽ እኮ ናት። ልትገላገል ነው።»

«ትልቅ ጉዳይ ነው። ፀሐይ ነው» አልኩ።

«ሐምሌ ደረሰ እኮ። ማንም ፀሐይ የለውም።»

ሦስት ቀን ሌላ ሥራ ሳልሠራ ስለዚያ ፓፓያ ጻፍኩ። «ዛፉ ማንን ይመለከታል?» ብዬ ጻፍኩ። «ከቅጠሉ ጀርባ» ብዬ ጻፍኩ። ለአውራ ዶሮው ቃለ መጠይቅ አደረግኩለት። ጽሑፎቹ በየቤቱ ሄደው በጨዋነት አንኳኩ፤ ሰዉ «ፓፓያ ከሆነ ሰምተናል ልጄ፣ ደህና ዋል» እያለ ሸኛቸው። በዝናብ ሲመለሱ ሳስባቸው አሳዘኑኝ። ዝናብ እንደማይነካቸው አውቃለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት አቶ ደምመላሽ ጋር ተመልሼ ገባሁ። ያለቀስኩ አይመስለኝም፤ እሱ ግን መሀረብ ሰጠኝ።

«እንዲህ ከጠናብሽማ የእርቅ ጥያቄ ላኪላቸው» አለ። «በአንዱ ወገን ተልኮ ከሌላው ወገን መልስ ያላገኘ የእርቅ ጥያቄ ያለበትን መዝገብ ማንም መዝጋት አይችልም። መልስ እስኪሰጥ ተከራካሪዎቹም እንደልባቸው ያወራሉ። ከንግግራቸው አንዲት ቃል መውሰድ አንችልም።» ያን ቀንም ለፎቶ የተቀባው ዱቄት ፊቱ ላይ ሲሰነጣጠቅ አየሁ። «ለአንድ ቢሮ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ጤነኛ ሰው አይልከውም። ለቀልድ ነው የነገርኩሽ።»

ወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ጽሑፍ ጠባይ የተማርኩት ሁሉ መልስ ለማስገኘት ነው። ሰው ዝም እንዳይል አጥር የሚዘልል ጽሑፍ መሥራት እችላለሁ። ማንም ሊመልሰው የማይገባ ጽሑፍ እንዴት እንደሚሠራ ግን አላስተማሩኝም። ጀምሬ ብዙ ጊዜ አጠፋሁት። እማማ ሀያትን አስቤ፣ ተራ ቃል መረጥኩ፤ አንገት የማይደፋ፣ ጥግ ላይ ቆሞ የማያሳዝን፣ ምንም የማይለምን።

እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

«ለወይዘሮ ሀያት። ወይዘሮ ቤተል ከእርስዎ ጋር ለመታረቅ ይጠይቃሉ። መልስ ለመስጠት የተወሰነ ጊዜ የለም። አይቸኩሉ። ባይመልሱም ማንም አይቀየምዎትም።»

ኢክራም ጥቂት ቀን ጠብቃ ባዶ መኪናዋን ይዛ ተመለሰች። በየሳምንቱ መጨረሻ ትደውላለች። ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለሚሆን ከጓሮ ይሰማኛል።

«ኡሚ፣ መለስሽላቸው?»

«እያሰብኩበት ነው ልጄ። ከባድ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው የሚከብደው?»

«ቤቲ!» ይላሉ እማማ ሀያት ወደ አጥሩ ዞረው። «ልጄ ምኑ ይከብዳል ትላለች!»

«ልብ የተሰበረ ነገር ቶሎ አይጠገንም በያት!» ትላለች አክስቴ፤ የሁለቱም ሳቅ ይከተላል፤ ከዚያ ሲጀመር ያላየሁት ረጅም ወሬ ይቀጥላል።

አቶ ደምመላሽ አላባረረኝም፤ ግን ሲያልፍ አያየኝም። ቡሳን ያለውን ክፍል እስከ መስከረም ማስረከብ አለብኝ፤ ወይም መመለስ። ገና አልወሰንኩም። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ ግን ኮቴን ሳላወልቅ መጀመሪያ የማየው የመልእክት ሳጥኔን ነው፤ መልስ መጥቶ እንዳይሆን እየፈራሁ። መልእክቴ እንደደረሳቸው ይላል። እንደተከፈተም ይላል። ክረምቱ ሊያልቅ ነው፤ እማማ ሀያት እስካሁን አልመለሱም።